የጉልበት መርፌና የሻጋታው ብልቃጥ፦ ከፍሬሚንግሃም የመጣው መዘዝ

ጉልበቱን ያመመው ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ «መርፌ እንውጋህ፣ ለጥቂት ወራት ያስታግስልሃል» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚያስፈራው የመርፌው ጫፍ ነው። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ የት ተቀመመ? ማን ቀመመው? ማንስ መረመረው? ብሎ የሚጠይቅ ከስንት አንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2012 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 14 ሺህ ያህል ሰዎች ሻጋታ ከተገኘባቸው የመድኃኒት ምድቦች ተወጉ። ከእነዚህም ውስጥ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በአጭሩ ሲ.ዲ.ሲ. የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ በመጨረሻ ቆጠራው 753 ሰዎች መታመማቸውንና 64ቱ መሞታቸውን መዝግቧል። የፌዴራል አቃቤ ሕጎች ደግሞ ከጊዜ በኋላ የሟቾቹ ቁጥር ከ100 በላይ መድረሱን ተናግረዋል።

አብዛኞቹ ሕመምተኞች የተወጉት ለጀርባ ሕመም ሲሆን መርፌው የገባው አከርካሪያቸው አካባቢ ነበር። ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ሁሉ «የፈንገስ ማጅራት ገትር» እያሉ የዘገቡትም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ብዙ ያልተወራላቸው ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። እነዚህ የተወጉት ጉልበታቸውን፣ ዳሌያቸውን፣ ትከሻቸውን ወይም ሌላ መገጣጠሚያቸውን ነው። በሲ.ዲ.ሲ. መዝገብ ላይ በመገጣጠሚያቸው ብቻ ፈንገስ የያዛቸው 33 ሰዎች ሰፍረዋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም አንድ ጉልበት ውስጥ የገባ ሻጋታ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያደርስ ለሚያውቅ ትንሽ አይደለም።

ነገሩ እንዴት ተደረሰበት?

መስከረም 18 ቀን 2012 በቴነሲ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ፣ በቫንደርቢልት የሕክምና ማዕከል የምትሠራ ዶ/ር ኤፕሪል ፔቲት የተባለች ሐኪም ለግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት አንድ መልእክት አስተላለፈች። በማጅራት ገትር የተያዘ አንድ ሕመምተኛ ለተለመደው የባክቴሪያ መድኃኒት አልመለስ ብሏል። ከአከርካሪው የተቀዳው ፈሳሽ ሲመረመር አስፐርጊለስ የሚባል ፈንገስ በቀለበት። የሰውነት መከላከያ አቅሙ ባልተዳከመ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማየት እንግዳ ነው። ሰውዬው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጀርባው ላይ የስቴሮይድ መርፌ ተወግቶ ነበር።

በግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት የነበረችው ዶ/ር ማሪዮን ካይነር ጉዳዩን «አንድ አጋጣሚ ነው» ብላ አልተወችውም። በተከታታይ ቀናት ሌሎች ሕመምተኞች ተገኙ። ሁሉንም የሚያገናኛቸው አንድ መድኃኒት ሆነ፦ ሜቲልፕሬድኒሶሎን አሲቴት የሚባል፣ እብጠትንና ሕመምን የሚያስታግስ ስቴሮይድ። የመጣውም ከአንድ ቦታ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት ፍሬሚንግሃም ከተማ ከሚገኘው ኒው ኢንግላንድ ኮምፓውንዲንግ ሴንተር ከተባለ መድኃኒት ቀማሚ ፋርማሲ ነበር።

ፋርማሲው መስከረም 26 ቀን ሦስት የመድኃኒት ምድቦችን ከገበያ ሰበሰበ። ጥቅምት 4 ቀን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ፣ ኤፍ.ዲ.ኤ.፣ ገና ባልተከፈተ ብልቃጥ ውስጥ ባዕድ ነገር ማግኘቱን አሳወቀ። ጥቅምት 6 ቀን ፋርማሲው ምርቱን በሙሉ ሰበሰበ። ግን ከ17 ሺህ በላይ ብልቃጦች በ23 ግዛቶች ወደሚገኙ 76 ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች አስቀድመው ተልከዋል። ከእነዚህ ግዛቶች ውስጥ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ፣ ጆርጂያ፣ ቴክሳስ፣ ኔቫዳ፣ ኦሃዮና ካሊፎርኒያ ይገኙበታል። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ እነዚህ ግዛቶች የማን መኖሪያ እንደሆኑ ሌላ ሰው እንዲነግረው አያስፈልገውም። ክፉኛ የተጎዳችው ግን ሚሺጋን ነበረች።

ሻጋታ ጉልበት ውስጥ ሲገባ

ብዙዎቹን ሰዎች የያዘው ፈንገስ ኤክሰሮሂለም ሮስትራተም ይባላል። ጥቁር ሻጋታ ሲሆን በተፈጥሮ የሚኖረው በሣርና በአፈር ላይ ነው። ሰውን መያዙ ከዚያ በፊት እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የታየ ነበር። የቅርብ ዘመዱን ያገራችን ገበሬ በደንብ ያውቀዋል፤ የበቆሎና የማሽላ ቅጠል ላይ ረዥም ጠባሳ እያወጣ የሚያደርቀው እሱ ነው። ቅጠል የሚበላ ሻጋታ እንዴት የሰው ጉልበት ውስጥ ሊያድግ ቻለ? መልሱ ቀላል ነው፤ ሰው በእጁ አስገባው።

የጉልበት መገጣጠሚያ የተዘጋ ክፍል ነው። ውስጡ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚያለሰልስ ፈሳሽ አለ። ከውጭ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ስለሌለ ንጹሕ ሆኖ ይኖራል። መርፌ ግን ቆዳውንና ጅማቱን አልፎ በቀጥታ እዚያ ያደርሳል። ፈሳሹ ውስጥ ሻጋታ ካለ የሰውነት በሮችን ሁሉ ያለምንም ጠባቂ አልፎ ገባ ማለት ነው።

ሌላም ክፉ ነገር አለ። ስቴሮይድ የሚያስታግሰው የሰውነትን የመከላከል ግብግብ በማብረድ ነው። እብጠቱ የሚቀንሰው፣ ሕመሙ የሚበርደው ለዚህ ነው። ሻጋታውና ስቴሮይዱ በአንድ ብልቃጥ አብረው ሲገቡ ጠላትን አስገብቶ ዘበኛውን እንደማስተኛት ይሆናል። ፈንገሱ ቀስ ብሎ ያድጋል። ትኩሳት ላይኖር ይችላል። ሕመምተኛው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም ይሻለዋል። ከሳምንታት፣ ለአንዳንዶች ከወራት በኋላ፣ ጉልበቱ እንደገና ያብጣል፤ መታጠፍ ያቅተዋል፤ ሌሊት ይነዝረዋል። ያን ጊዜ ሕመምተኛውም ሐኪሙም «የዱሮው ሕመም ተመለሰ» ብለው ማሰባቸው አይቀርም። ሌላ የስቴሮይድ መርፌ ቢጨመርበት ደግሞ እሳት ላይ ጭድ ነው።

ለማወቅ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቀድቶ መመርመር ያስፈልጋል። ለባክቴሪያ የሚደረገው የተለመደ ምርመራ ብቻውን አይበቃም። ለፈንገስ ተብሎ የሚዘራው ናሙና እስኪበቅል ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ሕክምናውም ቀላል አይደለም። ቮሪኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት ቢያንስ ለሦስት ወራት ይወሰዳል፤ የባሰባቸው ሰዎች አምፎተሪሲን ቢ ይጨመርላቸዋል። ቮሪኮናዞል ጉበትን ሊጎዳ፣ ዓይንን ሊያደበዝዝ፣ ቅዠት ሊያሳይ ስለሚችል ደም እየተመረመረ የሚሰጥ ነው። ብዙ ጊዜ ቀዶ ሐኪም መገጣጠሚያውን ከፍቶ ማጠብ ይኖርበታል። ለሁለት ወር እፎይታ ብሎ የተወጋ ሰው ለወራት የሚዘልቅ ሕክምና ውስጥ ገባ ማለት ነው። የተጎዳ ልስልስ አጥንት ደግሞ ተመልሶ አያድግም።

የፋርማሲው ጓዳ

መድኃኒት ቀማሚ ፋርማሲ የሚባለው ነገር ድሮ የነበረ፣ ጠቃሚም የሆነ ሙያ ነው። አንድ ሕመምተኛ በፋብሪካ የተሠራው መድኃኒት ውስጥ ያለው ማቆያ ኬሚካል ካልተስማማው ወይም ሕጻን ስለሆነ ክኒን መዋጥ ካልቻለ፣ ፋርማሲስቱ በሐኪም ትእዛዝ ለዚያ ሰው ብቻ ይቀምምለታል። የፍሬሚንግሃሙ ፋርማሲ ግን ይህን ፈቃድ ይዞ እንደ ፋብሪካ በገፍ ያመርት ነበር። ክሊኒኮቹም የገዙት ማቆያ የሌለበት መድኃኒት ስለሚያቀርብና በዋጋም ርካሽ ስለነበረ ነው። ሕጉ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የሐኪም ማዘዣ ስለሚጠይቅ ማዘዣዎቹ ላይ የፈጠራ ስሞችና የታዋቂ ሰዎች ስሞች ሳይቀሩ ይሞሉ እንደነበር አቃቤ ሕጎች በፍርድ ቤት አስረድተዋል።

መርማሪዎች ጓዳውን ሲከፍቱ ያዩት አስደንጋጭ ነበር። ብልቃጦች ውስጥ ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ ነገር በዓይን ይታያል። ኤፍ.ዲ.ኤ. ከአንዱ ምድብ ወስዶ የመረመራቸው 50 ብልቃጦች 50ዎቹም ተሕዋስያን አበቀሉ። «ንጹሕ» በተባለው ክፍል ውስጥ ሻጋታና ባክቴሪያ መገኘቱን የፋርማሲው የራሱ መዝገብ ያሳያል፤ ግን ማንም እርምጃ አልወሰደም። የክፍሉን ሙቀትና እርጥበት የሚቆጣጠረው የአየር ማቀዝቀዣ ሌሊት ሌሊት ይጠፋ ነበር። መድኃኒቱ በእንፋሎት መቀቀል የነበረበት ቢያንስ 20 ደቂቃ ሲሆን፣ ሳይሞላ ይወጣ ነበር። የንጽሕና ምርመራው ውጤት ሳይደርስም ብልቃጦቹ ተጭነው ይሄዱ ነበር። ከሕንፃው አጠገብ ደግሞ አሮጌ ፍራሽና ፕላስቲክ የሚሰበስብ የቆሻሻ ማደሻ ድርጅት ነበር።

ዘበኛው የት ነበር?

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ በላይ የሚያስቆጣው ግን ማስጠንቀቂያ አለመጥፋቱ ነው። በ2002 በደቡብ ካሮላይና የሚገኝ ሌላ ቀማሚ ፋርማሲ የሠራው ይኸው ሜቲልፕሬድኒሶሎን አምስት ሰዎችን በፈንገስ አስይዞ አንዱን ገድሏል። ከአምስቱ አንዱ የታመመው የዳሌ መገጣጠሚያውን ነበር። ሲ.ዲ.ሲ. ይህን በዚያው ዓመት አሳትሞ አውጥቷል። በዚያው በ2002 የፍሬሚንግሃሙም ፋርማሲ በመርፌ መድኃኒቶቹ ምክንያት አቤቱታ ቀርቦበት መርማሪዎች ሄደው አይተውታል። በታኅሣሥ 2006 ኤፍ.ዲ.ኤ. የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎለታል። ከዚያ በኋላስ? ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ገባ፣ ፋርማሲውም ሥራውን ቀጠለ።

ለምን? የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት «ፋርማሲ የሚቆጣጠረው ግዛቱ ነው» ይላል። የግዛቱ የፋርማሲ ቦርድ በበኩሉ ፋርማሲውን የሚያየው እንደ ሰፈር መድኃኒት ቤት ነበር። ኮንግረስ በ1997 ቀማሚ ፋርማሲዎችን የሚመለከት ሕግ አውጥቶ ነበር። ፋርማሲዎቹ ግን ማስታወቂያ እንዳናወጣ ተከለከልን ብለው ከሰሱ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ክልከላው የመናገር ነጻነትን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ከዚያ በኋላ የቀረው የሕጉ ክፍል ይሠራል አይሠራም እየተባለ በየፍርድ ቤቱ ክርክር ተነሳ። ጠበቆች ሲከራከሩ፣ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊነቱን አንዱ ወደ ሌላው ሲገፋ፣ ብልቃጦቹ ይሞሉ ነበር። ባለሥልጣናቱ በኅዳር 2012 ኮንግረስ ፊት ቀርበው ሲጠየቁ ያኔ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነላቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። የፋርማሲው ኃላፊ ባሪ ካደን ግን በዚያው ስብሰባ ላይ ራሱን ላለመወንጀል ባለው መብት ተጠቅሞ አልመልስም አለ።

በመንግሥት አሠራር ላይ ለምንከራከር ሰዎች እዚህ ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ። ሕግ መኖሩ ብቻ አይበቃም። መሥሪያ ቤት መኖሩም አይበቃም። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ለአንድ በር ዘበኛ ሲሆኑና ማንኛቸው ቁልፉን እንደያዙ ሳይታወቅ ሲቀር በሩ ክፍት ያድራል። ይህ የሆነው ደግሞ ነጻ ፍርድ ቤትና ነጻ ጋዜጣ ባለበት አገር ነው።

ፍርዱ

የሆነ ሆኖ ጠያቂ አልጠፋም። በታኅሣሥ 2014 ከፋርማሲው ጋር የተያያዙ 14 ሰዎች ተከሰሱ። ባሪ ካደንና የንጹሕ ክፍሉ ተቆጣጣሪ ግሌን ቺን በ25 ሰዎች ሞት በሁለተኛ ደረጃ ግድያ ጭምር ተከሰው ነበር። በ2017 ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች ሁለቱንም ከግድያው ክስ ነጻ አውጥተው በተደራጀ ወንጀልና በማጭበርበር ጥፋተኛ አሏቸው። ካደን 9 ዓመት፣ ቺን 8 ዓመት ተፈረደባቸው። አቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በ2021 ቅጣቱ ለካደን ወደ 14 ዓመት ተኩል፣ ለቺን ወደ 10 ዓመት ተኩል ከፍ አለ። ሚሺጋን ደግሞ በግዛቱ ለሞቱ 11 ሰዎች በራሷ ፍርድ ቤት ከሰሰቻቸው፤ በ2024 ሁለቱም ክሱን አንከራከርም ብለው ተጨማሪ የእስር ፍርድ ተቀበሉ። ለተጎጂዎችና ለቤተሰቦቻቸው 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የካሣ ገንዘብ በ2015 በፍርድ ቤት ጸደቀ። ገንዘቡ ለሞተ ሰው ቤተሰብ፣ ለአካለ ጎደሎውና ለታመመው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚደርሰው አስሉት።

ሕጉም ተሻሽሏል። ፕሬዚዳንት ኦባማ ኅዳር 27 ቀን 2013 የፈረሙት ሕግ ያለ ግለሰብ ማዘዣ በብዛት የሚቀምሙ ድርጅቶች ኤፍ.ዲ.ኤ. ዘንድ ተመዝግበው እንደ መድኃኒት ፋብሪካ እንዲፈተሹ መንገድ ከፈተ። ክፍተቱ ግን ምዝገባው በፈቃደኝነት መሆኑ ነው። ያልተመዘገበ ፋርማሲ አሁንም ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ማዘዣ መያዝ አለበት ይባላል፤ የፍሬሚንግሃሙም ይባል የነበረው ይህንኑ ነበር። ከማን እንደሚገዛ የሚወስነው ደግሞ ክሊኒኩ ነው። አደጋውም ጨርሶ አልጠፋም። በ2023 ሜክሲኮ፣ ማታሞሮስ ከተማ፣ ለርካሽ ቀዶ ሕክምና ከአሜሪካ ተሻግረው አከርካሪያቸው ላይ ማደንዘዣ የተወጉ ሰዎች በፈንገስ ማጅራት ገትር ተይዘው ሞተዋል።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ የሚያድር፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሰው ሲያነሳና ሲያስተኛ የሚውል፣ በመኪና ማቆሚያ ቆሞ የሚሠራ ወገናችን ብዙ ነው። ጉልበት የሁላችንም የእንጀራ ገመድ ነው። ስለዚህ ከመወጋት በፊት ማወቅ የሚገባንን እናንሳ።

በመጀመሪያ፣ ነገሩን አናጋንነው። በመገጣጠሚያ መርፌ ምክንያት ኢንፌክሽን መያዝ በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ ፈንገስ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ሐኪም ያዘዘውን ሕክምና በፍርሃት ይተው የሚል የለም። ሆኖም መርፌው ራሱ ሁልጊዜ አስፈላጊ ነው ማለት አይደለም። በ2017 የታተመ አንድ የቦስተን ጥናት ጉልበታቸውን በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት ስቴሮይድ የተወጉ ሰዎች ጨዋማ ውሃ ብቻ ከተወጉት ጋር ሲነጻጸሩ ሕመማቸው በጉልህ አለመቀነሱን፣ የጉልበታቸው ልስልስ አጥንት ግን የበለጠ መሳሳቱን አሳይቷል። «ሳይወጉኝ በእንቅስቃሴ ሕክምናና ክብደት በመቀነስ ልሞክር?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሁለተኛ፣ ጠይቁ። «መድኃኒቱ ስሙ ምንድን ነው? ኤፍ.ዲ.ኤ. ያጸደቀው የፋብሪካ ምርት ነው ወይስ በፋርማሲ የተቀመመ? የተቀመመ ከሆነ የት? ብልቃጡ ለእኔ ብቻ የሚከፈት ነው?» አራት ጥያቄ ነው። መልሱን ከነቀኑ ጻፉት። በ2012 ክሊኒኮች ሕመምተኞቻቸውን በየስልኩ ሲፈልጉ የተወጋውን ያወቀ ሰው ቀድሞ ታከመ።

ሦስተኛ፣ ቋንቋ እንቅፋት አይሁን። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። እናትዎን ወይም አባትዎን ይዘው ሲሄዱ የአሥር ዓመት ልጅ አስተርጓሚ አያድርጉ፤ አማርኛ አስተርጓሚ እንዲቀርብ ይጠይቁ።

አራተኛ፣ ምልክቱን እወቁ። ከመርፌ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ማመም የተለመደ ነው። ሕመሙ ከሦስት ቀን በላይ እየባሰ ከሄደ፣ ጉልበቱ ካበጠና ከሞቀ፣ መታጠፍ ካቃተው ወይም ትኩሳት ከመጣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ሳምንታት ካለፉ በኋላም ቢሆን «ተወግቼ ነበር» ማለትን አትርሱ። ፈሳሹ ተቀድቶ ለፈንገስም ጭምር እንዲመረመር ጠይቁ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ሁለተኛ የስቴሮይድ መርፌ አትቀበሉ። የስኳር ሕመምተኞች ደግሞ ስቴሮይዱ ለቀናት ስኳራቸውን ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል ማወቅ አለባቸው።

አምስተኛ፣ አገር ቤት ላሉ አባቶችና እናቶች ብለን የመርፌ ብልቃጥ በሻንጣ መላክን እንተው። የሙቀቱ ነገር፣ የመርፌው ንጽሕና፣ የሚወጋው ሰው ሙያ፣ ሁሉም ከእጃችን ውጭ ነው። ለሐኪም ቤት የሚከፈል ገንዘብ መላክ ይሻላል።

በናሽቪሏ ሐኪም እጅ የነበረው መሣሪያ አንድ መልእክት ብቻ ነበር። አንድ ሕመምተኛ እንግዳ ነገር ሲያሳያት «ይህ ለምን ሆነ?» ብላ ጠየቀች፤ የጠየቀችውም የሚሰማ ሰው አገኘ። በመስከረምና በጥቅምት ወራት ብልቃጦቹ ከየመደርደሪያው ተነሥተው ባይሰበሰቡ ኖሮ የሟቹ ቁጥር የት ይደርስ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ፋርማሲውን አሥር ዓመት ሙሉ ያልገታው የቢሮ ደብዳቤ ሳይሆን ይህ ጥያቄ ነው በቀናት ውስጥ ያስቆመው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጥያቄውን መርፌው ከመግባቱ በፊት እናንሳው።

ቸር ይግጠመን።